ያልወጣ ጨርቅ

አርብ ማታ፣ ወርዚንግተን፣ ሚኒሶታ። ነፋስ ከበቆሎው ማዶ ይገፋል፤
የሥጋ ፋብሪካው ሽታ መጥቶ ከሜዳው መብራት ሥር ያርፋል።
በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤
እዚህ ግን ስንቱ አጥንት በአንድ ፊሽካ ይጋጫል!

የመሃል ዳኛ ነኝ። ቀን የወተት ቦቴ እነዳለሁ፣
ማታ ከተከላካዮቹ ጀርባ፣ ከግጭቱ አፍ እቆማለሁ።
ሰው ሁሉ ሞላላዋን ኳስ ያያል፤
የኔ ዓይን እጅ ይጠብቃል።

ምከታ ሕግ አለው፤ ላስረዳህ፦
ዝቅ በል፤ ቀድሞ ቀና ያለ ቀድሞ ይወድቃል፤
መዳፍህ ደረቱ ላይ፣ ክርንህ ከጎንህ ይጣበቃል።
ግፋ፣ ጉልበትህ እስኪንቀጠቀጥ።
ጀርባውን አትንካ፤ ከወገቡ አትውረድ፤ ከሁሉም በላይ አትጨብጥ።
ጣትህ ማልያውን ከጨመደደ
እጅ ከፍንጅ ነህ፤ ቡድንህ አሥር ያርድ ወደ ኋላ ሄደ።

ስልሳ አራት ቁጥር፣ ሌላንድ ሃልቮርሰን።
ከስሙ በፊት እጁን ነው ያወቅሁት፤
አውራ ጣቱን በነጭ ፕላስተር ጠፍሮት።
ድምፅ ማጉያው ወርዋሪውን ይጠራል፣ ሯጩን ይጠራል፤
ጋሻን ማን ይጠራል?

አሥራ አንድ ሰከንድ ቀረ። ባለሜዳው አራት ነጥብ ጎድሎታል።
ያ ቀጭኑ ተጋጣሚ ትከሻውን ጥሎ እንደ ዓሣ አምልጦታል።
ሌላንድ ዘገየ፤ እጁን ወረወረ፤ የማልያ ጫፍ ጣቱ ውስጥ ገባ።
አየሁት።
የኔም እጅ ወደ ወገቤ፣ ወደ ቢጫው ጨርቅ መንገድ ጀመረ።
ያኔ የታሰረው አውራ ጣት ተዘረጋ። ለቀቀ።
ወርዋሪው ከነኳሱ ሣሩ ላይ ተዘረረ።

ሰዓቱ አለቀ።

ከመቀመጫው አንዱ ጮኸ፦ «ስልሳ አራት! ግንድ ቢያቆሙ ይሻል ነበር!»
ማታውን ሙሉ ቁጥሩ ሲጠራ የመጀመሪያው ይህ ነገር።

ለያዘ እጅ ምልክት አለን፤
ቡጢ ጨብጠን፣ አንጓችንን ይዘን፣ ለሕዝብ እናሳያለን።
ለለቀቀ እጅ የለንም።
የሕግ መጽሐፉን ፈትሻለሁ፤ የለንም።

ሲያልፍ በአገጬ ሰላም አልኩት።
አላየኝም፤ ፕላስተሩን በጥርሱ እየፈታ ነበር።
እኔም ጨርቁን እንደታጠፈ ኪሴ ይዤ
ሰባ ማይል፣ በጨለማው በቆሎ መሃል፣ ሬዲዮ ሳልከፍት ነዳሁ።