ልክ

«አንድ ልክ ለሁሉ» ይላል የቆቡ ጽሑፍ፤
የመጥለቂያው ጎማ ግን ሹሩባዬን አያልፍ።
የካቲት፣ ካሮላይና፤ ከምርምር መርከቧ ሥር
ባሕሩ መቅኔ ያበርዳል፤
«ወይ ተላጪ፣ ወይ ቅሪ» አለቃዬ ይቀልዳል።

አባቴ ሽሪምፕ አጥማጅ፣ የሴንት ሄለና ሰው፣
መረቡ ሲቀደድ ዓሣውን አልከሰሰው።

ሌሊት፣ በእርሱ መርፌ፣ ሞተሩ ሲያጓራ
ቆቡን ከማጅራቱ ተረተርሁት በካራ፤
ቁራጭ ጎማ ጨምሬ እስኪነጋ ሰፋሁ፤
ጠዋት፣ ሃያ ሜትር፣ ከነጸጉሬ ገባሁ።

«የተበላሸ ንብረት፣ አንድ» መዝገቡ ላይ አለ፤
ስፖንጁም፣ አርባ ሦስት። የቆጠረው የታለ?

ስድስት ዓመት አለፈ።
ታሚካ ለልምምድ ዛሬ ጠዋት መጣች፤
ቆቡን አየችና
መቀስ ከኪሷ አወጣች።
«ልኬ አይደለም» አለች። «ልክ ነሽ» አልኋት፤
መቀሱን ተቀብዬ መርፌውን ሰጠኋት።