ውሃ ልክ

ሻርጃ፣ ከሖሩ ዳር፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ የጀልባ ናፍጣ ሽታ በመስኮት ሲገባ።
ዶክተር ሊዛማ፣ የኬረላዋ ሴት፣ ወረቀቱን ፊቴ አኖረችው፦
«ጥናቱ የልብን ሚዛን ነው የሚለካው፣
ከአእምሮ ጤና ጋር ምን እንዳዛመደው።»

አማርኛውን ስፈልግ ሳምንት ሙሉ ለፋሁ፤
«እርጋታ» ብዬ ነበር፤ እርጎ እርጎ ሲለኝ ሰርዤ አጠፋሁ።
«ትዕግሥት» ብዬ ጻፍሁ፤ የጎረቤቴ ስም ሆነብኝና ተውሁት፤
«ቻይነት»ን ደግሞ፣ አሠሪ ሁሉ የሚወደው ቃል ነውና፣ ፈራሁት።
«አለመናወጥ» ብዬ፣ ቅር እያለኝ ጭምር፣
አስረከብኋት ቃሉን። ተጀመረ ቁጥር፦
«ፈጽሞ» ዜሮ ነው፣ «ሁልጊዜ» አምስት።

ሞሚና ይመር ናት፤ አርብ ናት ዕረፍቷ፤
ከረሕማኒያ በአውቶቡስ መጥታ፣
ላቧን በሻሿ ጠርጋ ተቀመጠች።
ስድስት ዓመት፣ ሦስት ቤት፣ አሥራ አንድ የሰው ልጅ፣
አንዲት ከአልጋ የማትነሣ አሮጊት።

«ሰው ሲቆጣኝ፣» አነበብሁ፣ «ውስጤ አይናወጥም።»
«አምስት።»
«ክፉ ሐሳብ ሲመጣ አብሬው አልሮጥም።»
«አምስት በይልኝ።»
«የማልወደው ቢደርስ እቀበለዋለሁ።»
«ሌላ ምን አለ እህቴ? አልሐምዱሊላህ፣ አምስት።»

አምስት፣ አምስት፣ አምስት። ክቡን ሳጠቁረው
ዶክተሯ ከጎኔ ፊቷን ደስ አለው።
እኔ ግን ዓይኗን አየሁ።
የደረቀ ኩሬም እኮ ማዕበል የለውም፤
ነፋስ ቢያልፍበትም ንቅንቅ አይልም።

አሥራ አራተኛው ላይ፦
«ደስ የሚል ነገር ሲያልፍ፣ የሙጥኝ ሳልል እሸኘዋለሁ።»

ዝም አለች።
ስልኳን ከጉያዋ አወጣች፤ የልጅ ድምፅ፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ፦
«እማ፣ ጥርሴ ወለቀ፤ ጣራ ላይ ወረወርሁት፤ ሰማሽ?»
ዓመት ከመንፈቅ ያለፈው ድምፅ ነው።
ጥርሱ በቅሎ፣ ምናልባት ሌላም ወልቋል።

«ይህን አልሸኘሁትም። ዜሮ በይ።
ከዜሮ በታች ካለም እሱን በይ።»
ሻሿን ዓይኗ ላይ አደረገች። ኤሲው ብቻውን አጉረመረመ።
«ውጤቷ ወረደ፣» አለች ዶክተሯ፣ ለራሷ ያህል።

ውሃ ሰጠኋት። ግማሹን ጠጥታ፦
«አባቴ ግንበኛ ነበር፣» አለች፣
«ባቲ ላይ፣ የእህል መጋዘኖቹን የሠራ።
ውሃ ልክ ሲገዛ አብሬው ነበርሁ፤
አረንጓዴ ውሃ፣ መሃሉ ምስር የምታህል አረፋ።
ነጋዴው አንዷን አንሥቶ፣
'እያት፣ መሃል ላይ ቀጥ! ንቅንቅ የማትል!' አለው።
አባቴ ወደ ግራ አዘነበላት፣ ወደ ቀኝ አዘነበላት፤
አረፋዋ ካለችበት አልሄደችም።
'ይህች ደርቃለች፤ ቤት ታፈርሳለች' ብሎ መለሰለት።
ሌላዋን አዘነበለ፤ ሸሸች፤ ቀና ሲያደርጋት
እየተንቀጠቀጠች መጥታ መሃሏ ላይ ቆመች።
'ይህች ልክ ናት' አለና ከፈለ።»

የቀረውን ውሃ ጨለጠችው።
«ቅድም ያልሁሽ አምስቶች፣» አለችኝ፣ «የደረቀችዋ ናቸው።»

ቅጹን ገለበጥሁት፤ ለዚህ ክብ የለውም።
በጠርዙ፣ በእርሳስ፦ «ስንት ጊዜ ሸሸች? ስንት ጊዜስ መጣች?»
ዶክተሯ አስተረጎመችኝ።
ረጅም ጊዜ አየችው፤ አልሰረዘችውም።

ሲመሽ አብረን ወረድን። ሖሩ ላይ የእንጨት ጀልባዎች
ፍሪጅ ይጭናሉ፣ አሮጌ ጎማ ይጭናሉ፤
አንዱ ጎናቸው ሲከብድ ይዘምማሉ፣
ሌላው ሲሞላ ይቃናሉ።
ሞሚና ፌርማታው ላይ ድምፁን ደግማ ከፈተችው፦
«ጣራ ላይ ወረወርሁት፤ ሰማሽ?»
«ሰማሁ፣» አለችው፣ ሳቀች።
ከዚያ ጥቂት አለቀሰች።
ከዚያ አውቶቡሱ መጣ።