ሠላሳ ዘጠኝ

ዶሮ ማነቂያ ነው ሱቄ፣ ከቁልቁለቱ በላይ፣
አንድ ሲንጀር፣ አንድ መስታወት፣ ቆርቆሮው ሰማይ የሚያሳይ።
አርባ ዓመት ሙሉ ለካሁ፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ ደረት።
አንገት ላይ ግን ጣቴን ከሜትሩ ሥር አስገባለሁ፣
ለትንፋሽ የምትሆን ክፍተት።

ደብተሬ ላይ ተጽፏል፤ ቀለሙ ገና አልደበዘዘ፦
«ደምሴ። ሙሉ ልብስ። ጥቁር። ለኅሩይ ሚዜነት ያዘዘ።
ደረት ዘጠና አራት። አንገት ሠላሳ ዘጠኝ።»
ኅሩይ ልጄ ነው። ያን ቀን ሁለቱም ሳቁብኝ፣
መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ስፈልገው አዩኝ።

ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በሁለት ሺህ ብር ጭቅጭቅ፣
ራስ መኮንን ድልድይ ሥር፣ ፀሐይ እንኳ ሳትጠልቅ፣
ወጋው።
ሐኪሙ የሰጠኝን ሸሚዝ፣ እጄ የሰፋው ነውና፣ አወቅሁት፤
ቀዳዳው ሁለት ጣት አይሞላም። ለካሁት።

ልደታ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ፣
ዳኛ ሲለወጥ፣ ምስክር ሲጠፋ፣ መዝገቡ ሲያድር ተቋጥሮ፣
አንዲት ሴት ከአግዳሚው ጫፍ፣ እኔ ከዚያኛው ጫፍ፣
መሐላችን ባዶ ቦታ፤ ሰው አይቀመጥበት፣ አያልፍ።
እናቱ ናት፤ ትርፌ። ኅሩይን ከልጇ ጋር ካንድ ትሪ ያበላች፣
«ሁለት ወንድ ወለድኩ» እያለች ጎረቤት ያስቀናች።

ዳኛው አነበቡ፤ ድምፃቸው ሸቀጥ የሚቆጥር ይመስላል፦
«በሞት እንዲቀጣ። አፈጻጸሙም ሰብአዊ ይሆናል።»
ሰብአዊ! ቃሉን እንደ ጨርቅ በጣቴ አሸሁት፣
ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ የት ጋ እንደሳሳ አየሁት።
«በምንድነው?» አልኩት ጸሐፊውን። «አባባ፣ እሱ አይጻፍም።
ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው ደግሞ ምንም አይፈጸምም።»

ልጅ ሆኜ፣ ተክለሃይማኖት አደባባይ፣ የተሰቀለ አይቻለሁ፤
ሕዝቡ ፊቱን ሲያይ፣ እኔ የሱሪውን ጠርዝ አስታውሳለሁ፤
ክሩ ተፈትቶ ይወዛወዛል። ያን ክር ማን እንደሚቋጥረው
አባቴን ጠየቅሁት። ጥፊ ነበር የመለሰው።

ሰፈርተኛው መጣ፤ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ደምህ ተመለሰ።»
ጨበጥኳቸው። ቤት ገባሁ። የተመለሰውን ፈለግሁ፤
አልጋው አልሞላ፣ ጋቢው አልተለበሰ።

ይሙት ብያለሁ። አልዋሽም። ዛሬም ሌሊት ሌሊት እላለሁ።
ሜትሩን በባዶ አየር አዙሬ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ እይዛለሁ፣
አጠብቃለሁ። ሠላሳ። ሃያ አምስት።
ጣቴ ግን፣ የአርባ ዓመት ልማዱ፣ ከሥር ይገባል።

ዘንድሮ፣ ግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም በተቀባ ማግስት፣
ትርፌ ገባች፤ ፌስታል ይዛ። «ከስቷል» አለች። «ሁለት ጣት።
ኮሌታው ይሰፋዋል። ልኩን ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም።
ፊርማው የመጣ ቀን እንደ ሰው ለብሶ ይሂድ፤ ሌላ አልጠይቅህም።»
ይቅር በለው አላለችም። ሽማግሌም አላመጣች።
ስንት ነው አለች፤ ዝም ስላት
ሃምሳ ብር ከሲንጀሩ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ሸሚዙ ሦስት ቀን ዋለ፣ ሦስት ቀን አደረ።
አንዴ መቀስ አንስቻለሁ፤ ለመቅደድ ነበረ።
በአራተኛው፣ ግሬደሩ ታች ሰፈር ሲያጓራ፣ ኮሌታውን ፈታሁ፤
ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አስገብቼ ሰፋሁ።
ትርፉን ግን አልቆረጥኩትም። አጥፌ ከውስጥ ተውኩት፤
ምናልባት አንገት ቢወፍር የሚፈታ፣
እንደ ማንም ደንበኛ አድርጌ ሰፋሁት።

ይቅርታ አይደለም። ማንም እንዲያ ብሎ እንዳያወራብኝ።
ልብስ ሰፊ ነኝ።

ነገ ሲንጀሩን በጋሪ አወጣለሁ። ሃምሳ ብሯ መሳቢያው ውስጥ ነው።
የኅሩይ ኮት መስቀያው ላይ ነው፤
አንድ እጅጌ ብቻ ገጥሜ የተውኩት።
አንገቱ አርባ ነበር።
ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት፣
ያን የጠየቀኝ አልነበረም።