ሰባት ደቂቃ

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ አውቶብሴን አቁሜ፣
ሞተሩን አጥፍቼ፣ ወንበሬን አጋድሜ፣
ሰባት ደቂቃ አለኝ። ከዚያ በላይ የለኝም፤
ሰዓቱ ሲጮህ "ሂጂ" ነው፣ "ቆይ" ብለው አይሰማኝም።

ኅዳር ነው፣ ትሮንድሄም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ
ፀሐይ ሹልክ ብላ ወጣች፣ ሳይከፍል እንደ በላ።
በእንፋሎት የታፈነውን መስኮት በጣቴ ፍቄ
"ሰባት ቀን፣ አንዲት ሴት" ብዬ ጻፍኩ፣ ትንሽ ተሳቅቄ።

ዕቁቡ በጥር ይደርሰኛል። ዐሥራ አንድ ሴቶች ነን።
አንዷ ሶፋ ገዛችበት፣ አንዷ ከፈለች ዕዳዋን፣
አንዷ ለወንድሟ ባጃጅ ላከች።
እኔ ደሴት ልገዛ ነው፤
ለሰባት ቀን ብቻ፣ ባሕሩን ሳይጨምር፣ አሸዋውም ኪራይ ነው።

ወንድ የማይገባባት ናት፣ ሕንድ ውቅያኖስ መሐል፤
ስልክሽ በር ላይ፣ ቅርጫት ውስጥ፣ ከጫማሽ ጋር ያድራል።
እስከ ቀትር ዝምታ ነው። ከቀትር በኋላ ዘይት፤
ወገብሽን የምታሽ፣ ስምሽን የማታውቅ ሴት።
ከአራስ ቤቴ ወዲህ ወገቤን ማን ነክቶት?
ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ መሪና ወንበር በልቶት።

ጫማዬ ውኃ ያስገባል። ይቆይ።
የናሆም የጥርስ ማሰሪያ፣ እሱ አይቆይም።
የሌሊቱን በረራ ያዝኩ፣ ርካሹን፣ ሁለቴ የሚያርፈውን፣
ዶሃ ላይ ዐሥር ሰዓት ወንበር ላይ የሚያስተኛውን።

"ምን ይሠራል እዚያ?" አለች አስናቁ፣ የዕቁቡ ጸሐፊ።
"ምንም።" "ምንም ላለመሥራት ነው ይህን ብር የምታጠፊ?"

እናቴ በስልክ "ብቻሽን?" ብላ ትንሽ ዝም አለችኝ።
"ብቻውን የበላ..." ጀመረች፤ መጨረሻውን ማረችኝ።
"ሱባኤ ነው፣ እማዬ። ሰባት ቀን ዝምታ፣ ሰባት ቀን ውኃ።"
"ይሁና። ደብሩ የማን ነው?"
የማዕበል ልበላት? "ሩቅ ነው" አልኩ፤ "ስሙ ለአፍ አይገራም።"
"ለእኔም ጸልዪልኝ" አለች። እሺ አልኩ። ይህስ ውሸት አይደለም።

ዛሬ ቅጹ ላይ ደርሻለሁ። ስም። የልደት ቀን። የማትበዪው።
(ስለ ጾም ረጅም ነገር ጻፍኩና፣ ኋላ አጠፋሁት፤ ማን ሊያነበው?)
"ምን ትተሽ ትመጫለሽ?" ይላል ቀጥሎ። እ...
የማለዳውን ፈረቃ። በሁለት ቋንቋ የምለውን ይቅርታ።
ሰው ቀርቶብኝ እንዳይሆን ብዬ
በመስታወት ኋላ ኋላ ማየቴን፣ ጠዋትና ማታ።

ከዚያ ታች፣ በትንሽ ፊደል፦
"ድንገት አንድ ነገር ብትሆኚ ለማን እንደውል?"

እዚህ ጋ ጣቴ ቆመ። ሦስት ደቂቃ ቀርቶኛል።

የአስናቁ ልብ ሲመታባት ለእኔ ይደወላል።
እናቴ ስትወድቅ፣ ጎረቤቷ ግድግዳ ላይ በከሰል
የተጻፈው ቁጥር የእኔ ነው። ትምህርት ቤቱም ለእኔ ይደውላል።
የፈታሁት ሰውዬ እንኳ ባለፈው ዓመት ታሞ
ሆስፒታሉ የጠራው እኔን ነው፣ የድሮ ወረቀት አገላብጦ።
የሰው ሁሉ ድንገት እኔ ዘንድ ነው የሚያድረው።
የእኔስ ድንገት የማን ነው? የት ሄዶ ነው የሚያድረው?

ጻፍኩ፦ ናሆም። ልጅ። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ።
(ስልክ አያነሳም፤ አይጻፍም እንጂ ይህ ነው እውነቱ።)
ደወልኩለት። ሦስቴ ጠራ። አራቴ። አምስተኛው ላይ፣
"ምን ሆንሽ?" አለ ድምፁ ተሰብሮ፤ በሥራ ሰዓት ደውዬ አላውቅም።
"ምንም አልሆንኩ። ታነሳ እንደሆነ ልሞክርህ ብዬ ነው።"
"እማ!"
"በጥር ለሰባት ቀን እሄዳለሁ። ብቻዬን።"
ዝም አለ። የሚያስበው ይሰማኛል። ከዚያ፣
"እራትስ?"

ሰዓቱ ጮኸ።
መብራቱን ወደ ግራ ሰጥቼ ወጣሁ፣ ባዶ አውቶብስ ይዤ፣
ጥያቄው ጆሮዬ ላይ እንዳለ፣ በረዶው ላይ፣ ቀስ ብዬ።