የሚኒባስ ሂሳብ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ደሴ ጉሟን ለብሳ ተኝታ፣
ጦይባ ከወንበሯ ተነሣች፣ አረንጓዴው ሲቀላ አይታ።
ባትሪው ደህና፣ ጄነሬተሩም ነዳጁን ጠጥቶ ጠግቧል፤
ማሽኑ ያጉረመርማል እንጂ፣ ከደጅ የሚሰማው ጠፍቷል።

ደወለች።
«ሐረጎ ላይ ነው፤ ኤክስካቫተር ፋይበሩን በጥሶታል፤
እስከ ነገ ማታ እንጃ፣ ከዚያም ወዲያ ሊሆን ይችላል።»

ነገ ማታ?
ኮምቦልቻ፣ መጋዘኑ በር፣ ጭነት ሲሰለፍ በጠዋት፣
ሚዛን ላይ የቆመው እንድሪስ፣ ዝርዝሩ ካልደረሰለት፣
የማን ማሾ፣ የማን ሰሊጥ፣ ብሎ ይለያል በምን ብልሃት?

ለክፉ ቀን ያኖረችውን፣ የማታውን ቅጂ መዝዛ፣
ዲስኩን በሻሿ ቋጠረችና
በመጀመሪያው ሚኒባስ ወረደች
ሐረጎን፣ ያን ጠመዝማዛ።

ከሦስተኛው እጥፋት ግድም፣ ከተቆፈረው አፈር ዳር፣
አየችው፦ ከፀጉር የቀጠነ፣ የተበጠሰ የብርጭቆ ክር።
በዚህች ነው እንዴ አገር ከአገር የሚያወራው?
«እህት፣ ሂሳብ!» አላት ረዳቱ፤
ቋጠሮዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ፤ ሚዛኑ ስም በስም አነበበ።
ሥራ አስኪያጁ ሻዩን እየማገ፣
«ዛሬስ ኔትወርኩ ፈጠነ!» ብሎ ተገረመ።

ጦይባ መዝገቡን ገለጠች፦
«የተቋረጠ አገልግሎት፦ የለም።»
ከሥሩ፣ በእርሳስ፣ ደቀቅ አድርጋ፦
«ሚኒባስ፣ ሃምሳ ብር።»