የፊት ወንበር

ሃያ ሦስት ዓመት ጣናን ያየሁት በሰው ማጅራት ነው፤
ጀልባ ነጂ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚቀመጠው።
የጀርመን ማጅራት፣ የቻይና ማጅራት፣ የአዲስ አበባ፣
ክሬም ያነጣው፣ ከባርኔጣው ሥር ላብ የሚያነባ።
ከዚያ ወዲያ ውሃ፤ ከዚያ ወዲያ ደሴት፤
ከዚህ ወዲህ ቤንዚን፣ ሞተር፣ የእኔ ስሌት።

በጥር አጋማሽ ነው ሮሲዮ የመጣች፣
ከእስፔን ባሕር ዳር፣ ከማላጋ። «ክረምቱም ፀሐይ ነው» አለች።
«ዘንባባውም ያው ነው፤ የዓሣው ሽታም ያው።»
እጇን ከጀልባው ጠርዝ ወደ ውሃው ሰድዳ
ጣቷን ቀመሰችው፤ ሳቀች እንደ እንግዳ፦
«ጨዉ የታለ?»
          «ጨዉማ አፋር ነው» አልኳት። አልገባትም።

ቀጥላ በእጇ ሰማያዊውን ሁሉ ጠቅልላ
«ማር!» አለችኝ።
የዘጌ ማር አምሯት መስሎኝ
ከወንበሩ ሥር ብልቃጥ አውጥቼ ዋጋውን ነገርኳት፤
(እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እጥፍ ጨመርኩባት።)
ለካ በነሱ ቋንቋ ማር ማለት ነው ባሕር።
አስረዳኋት እኔም፣ በሰባራ እንግሊዝኛ፣ በእጅ፣ በአገጭ ጭምር፦
እዚህ ማር ንብ የሠራው ነው፤
ደግሞ ማር ብለው የሚለምኑት አለ፣ ሌሊት ተንበርክከው።
ጻፈች ከደብተሯ፦ ውሃ፣ ጣፋጭ፣ ምሕረት፤
ሦስት ጎረቤት አድርጋ፣ በእርሳስ አጥራ እንደ ቤት።

ስንመለስ፦ «አንተስ ስታርፍ የት ትሄዳለህ?»
ያልሰማሁ መሰልኩ። ሞተሩ ይጮሃል፤
ከሃያ ሦስት ዓመት ምን መልስ ይወጣል?

እሑድ ጠዋት አትጠገብን «ጫማሽን አድርጊ» አልኳት።
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ስትቀጥል ውላ፣
ከሐይቁ ሁለት መቶ ርምጃ ላይ ተኝታ፣
አንድ ቀን አልተሳፈረችም፤
ቆማ ነው የምታየው፣ ልብስ አስጥታ።
«ማን ሞተ?» አለችኝ፣ ነጠላ ፍለጋ።
«ማንም።»
     «ታዲያ?»
          «ልንጎበኝ ነው።»
ሳቋ የጎረቤት ዶሮ አስበረገገ።

ወደቡ ላይ ቻላቸው ደነገጠ፦ «ሞተርህ ተሰበረ?»
«ለሁለት ሰው ቁረጥልን» አልኩት፤ ብሩን ሲቀበል እጁ አፈረ።

ከፊት ወንበር። ከፊታችን አንድም ማጅራት የለ።
ውሃው እንዲህ ሰፊ ነው? ማን ነገረኝ? ማንስ አለ?
ነጫጭ ፔሊካኖች እንደ ሠርገኛ ተሰልፈው፣
አንድ አዛውንት በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው፣
በማዕበላችን ተናውጠው፣ ዞር ብለው አዩን፤
የእኔስ ማዕበል ስንቴ አናወጣቸው ይሆን?
እምቦጩ በስተምሥራቅ አረንጓዴ ምንጣፉን ዘርግቶ፣
ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ እንደ ክፉ ጎረቤት፣ በሰላምታ ገብቶ።
አስጎብኚው ልጅ የደሴቱን ቁጥር ሳተ፤ ምላሴን ነከስኩ፤
እንግዳ ነኝ ዛሬ፤ ያለኝን አመንኩ።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ከሥዕሉ ፊት አትጠገብ ቆመች።
ቅዱሳኑ በሁለት ዓይን፣
ክፉዎቹ በአንድ ዓይን፣ በጎን፣
እንደ ጥንቱ ሥርዓት። አየች፣ አየች።
ከዚያ በሹክሹክታ፦
«አንተም እኮ በጎን ነው የምታየኝ፣ ጧት ማታ፣
እንደ መሪ ጨባጭ፣ እንደ ቸኮለ ሰው።»
ቄሱ መቋሚያቸውን አንኳኩ። ሌላ ቡድን ገባ። የምለው
ጠፋኝ።
     ከከንፈሬ ጫፍ ያመለጠው፦
     «ማሪኝ።»
ሮሲዮ ብትኖር ከደብተሯ ትጽፈው።

ማታ ቀረሶ በላን፣ በሎሚ፣ በዳጣ፤
አትጠገብ እንደ ቱሪስት ግንባሯ ቀልቶ፣
እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ «ስንት ከፈልክ?» አለች።
ነገርኳት። «ዘረፈህ!» ብላ፣ ጣቷን አርጥባ ቀመሰች።
«ምን ምን ይላል?»
          «ዓሣ ዓሣ።»

ፊቴን ሙሉ አዞርኩላት፣ በሁለቱም ዓይኔ፣
ጀንበር ከዘጌ ማዶ ስትወርድ፣ ለእኔ
ጀርባዋን ስትሰጥ።

ነገ ሰኞ ነው። ሰባት ማጅራት ተመዝግቧል፤
ሞተሩም ዘይት ይፈልጋል።