የቁልፍ ምስማር

የክፍለ ከተማው ዳኞች ሦስት ሆነው መጡ፣
አንዱ ቅጽ ይዞ ቆመ፣ ሁለቱ ለስላሳ ጠጡ።
«እሳት ማጥፊያ?» አለኝ፤ ቀዩን አሳየሁት።
«የአደጋ መውጫ?» አለኝ፤ የጓሮውን በር ገፋሁት።
«ከሃያ አንድ ዓመት በታች ታስገባለህ?» ሲለኝ፣
«የገዛ ልጄን መልሼ ይኸው ስንት ወሩ ካኮረፈኝ።»
ሳቁ፤ ቀልድ መሰላቸው።
ሙዚቃው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚቀነስ ነገርኳቸው፣
ጎረቤት ድንኳን ሲተከል ጨርሶ እንደሚዘጋ፣
አስተናጋጆቹ ሌሊት ቤታቸው የሚደርሱት በማን ዋጋ።
በየሳጥኑ ራይት እየመቱ፣ ገጽ እየገለበጡ አለፉ፣
እስከ ሽንት ቤቱ አምፖል ድረስ ቆጥረው ጻፉ።

ከባንኮኒው ኋላ፣ ከመስታወቱ ጎን፣ አንድ ምስማር አለ፤
የዚያን ቀን አምስት የመኪና ቁልፍ እንደ ቋንጣ ተሰቅሎበት ዋለ።
«ይኼስ?» አለ ባለ ቅጹ።
እትዬ ትርንጎ ብርጭቆ ማድረቋን ሳትተው፣
«አደራ ነው» አለችው፣ «ሌሊት ተቀብዬ ጠዋት የምመልሰው።»
ሰውየው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው።
ሳጥን አጣለት። እስክሪብቶውን ከደነው።

ሁለተኛ ወጣን።
አንደኛ የወጣው ያ ባለ ሦስት ፎቅ ክለብ ነው፣
ከደንበኛው ይልቅ ካሜራው የሚበዛው።
አዳራሹ ውስጥ ስሟ ሲጠራ ነጠላዋን አጣፋች፣
ሰርተፊኬቱን ተቀበለች፤ ማይክ ሲሰጧት ራሷን ነቀነቀች።
በሚኒባስ ተመለስን፣ ከስታዲየም ጀርባ እስክንወርድ
አንድ ቃል አልወጣንም፣ ፍሬሙ ጭኗ ላይ፣ እጇ እንደ በረድ።
ሁለታችንም የምናስበው አንድ ሰው ነው፤
ዳኛቸው።

ነጭ ዲኤክስ ነበረችው፣ ጎኗ የተጫረ፣
እሱ የገባበት ምሽት ቤታችን በሳቅ የደመቀ፣ የከበረ።
ነሐሴ ነበር። ዶፍ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት።
ጃንጥላ ይዤለት እስከ መኪናው ሸኘሁት።
ቁልፉ ከእጁ አምልጦ ጭቃ ውስጥ ወደቀ፤
ዳበሰ፣ አላገኘውም፤ ቀና ብሎ ሳቀ።
እኔ ነኝ ጎንበስ ብዬ ያነሳሁለት።
እኔ ነኝ በካፖርቴ ጫፍ ጠርጌ የሰጠሁት።
ሃያ ብር አስጨበጠኝ፣ «ሻምበል» አለኝ፣
አስር አለቃ እንኳ ሆኜ የማላውቀው ሰውዬ፣ ደስ አለኝ።
ወሬው ከባምቢስ ድልድይ ሲመጣ
ካፖርቴ ገና አልደረቀም ነበር።

በአርባው ማግስት እትዬ ትርንጎ መዶሻ ይዛ መጣች፣
ማንንም ሳታማክር ያን ምስማር መታች።
ዱቤ ደብተሯ ላይ ዛሬም ስሙ አለ፣
ሦስት መቶ አርባ ብር፣ አልተሰረዘ፣ አልተከፈለ።
ሦስቱ ዳኞች በመኪና መጡ፣ በመኪና ሄዱ፤
የኛ ዳኛ ግን ዳኛቸው ነው፣ ያልተመለሰው ከመንገዱ።

ትናንት ማታ አቶ ቢራራ ቁልፉን ሲነጠቅ ጮኸ፦
«በኔ ቁልፍ ነው እንዴ የተሸለማችሁት?»
ጠረጴዛ ደበደበ። የሰው ቢራ ደፋ።
እትዬ ትርንጎ ራይድ ጠርታ ሂሳቡን ከኪሷ ከፈለች፣
እኔም ብብቱን ደግፌ አስገባሁት፤ በመስኮት እየዘለፈኝ መኪናዋ ነጎደች።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወለሉን ስንወለውል፣
ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ፣ ካቆመበት ሊቀጥል።
«አንተ ሽማግሌ!» አለ፣ «አንተ የሴት አሽከር!»
ሸሚዙን ለውጦ፣ ጢሙን ተላጭቶ ነበር፣
ጸሐይ ግንባሩ ላይ።
ቁልፉን ስዘረጋለት እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ወደቀበት።
ወገቤን ይዤ ጎንበስ አልኩ፤
በካፖርቴ ጫፍ ጠርጌ ሰጠሁት።
ስድቡን ገና አልጨረሰም፤
ቆሜ አዳመጥኩት።